ከጉና አለት ላይ የመጣ ጥቁር ሞስ፦ አንድሬያ ነው ወይስ ግሪሚያ?

ጥቅምት 11፣ ባሕር ዳር

ነገ ወደ ጉና ተራራ እንወጣለን። የምንፈልገው አንድሬያ የሚባለውን የሞስ (አበባ የማያወጣ ትንሽ ተክል) ወገን ነው፦ በውርጭ ምድር፣ አፈር በሌለው አለት ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ ሲደርቅ ከሰል የሚመስል፣ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ። ገጠር ውስጥ ድንጋይ ላይ የወጣ ሁሉ፣ ሞሱም ላይከኑም (ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚሠሩት)፣ «የድንጋይ ሽበት» ነው፤ ስለዚህ ቦታ የሚጠቁም ሰው አይጠፋም፣ መለየቱ ግን የማይክሮስኮፕ ሥራ ነው።

ይህን ወገን ለይቶ የሚያሳውቀው ካፕሱሉ፣ ማለትም ስፖር የሚባለውን የመራቢያ ብናኝ የያዘው ከረጢት ነው። አብዛኛው ሞስ ስፖሩን የሚበትነው ካፕሱሉ ጫፍ ላይ ያለው ክዳን ሲወድቅ ነው። አንድሬያ ክዳን የለውም፤ ካፕሱሉ ጎኑ ላይ በአብዛኛው አራት ቦታ ይሰነጠቅና አራቱ ክንፎች ከላይም ከታችም እንደተያያዙ ወደ ውጭ ይለጠጣሉ፤ ልክ ፋኖስ ይመስላል። ይህን ያገኘ ሰው በ20 እጥፍ የእጅ ሌንስ ብቻ ወገኑን መወሰን ይችላል። ካፕሱል ካልተገኘ ግን ሥራው ይረዝማል፤ አለት ላይ የሚጠቁሩ ሞሶች ብዙ ናቸውና፤ አንዱ ግሪሚያ የሚባለው፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ነጭ ፀጉር ያለው ወገን ነው።

የያዝነው፦ 30 የካኪ ፖስታ፣ የ10 እና የ20 እጥፍ ሌንስ፣ ወረንጦ፣ ቢላ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ በመርጫ ጠርሙስ፣ 10 በመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 20 ሚሊ ሊትር በጠብታ ጠርሙስ፣ እርሳስ። እስክሪብቶ አይያዝም፤ ፖስታው ሲረጥብ ቀለሙ ይፈስና ቁጥሩ ይጠፋል። ፌስታልም አይያዝም፤ እርጥብ ሞስ ፌስታል ውስጥ ሁለት ሌሊት ካደረ ይሻግታል።

የስልኩን የከፍታ ንባብ ማምሻውን ሐይቁ ዳር ፈተንነው። የጣና ውሃ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዚህ የተመቸ መነሻ ነው። ስልኩ መጀመሪያ 1,809 አሳየ፤ ሜዳ ላይ ለ5 ደቂቃ ከተቀመጠ በኋላ ወደ 1,790 ወረደ። ስለዚህ ተራራው ላይም ንባቡ እስኪረጋ ሳንጠብቅ አንጽፍም።

ጥቅምት 12፣ ጉና

ጉዞው በወረታ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በክምር ድንጋይ በኩል ነው። ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራ የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነው። ሥራው የተጀመረው ከ3,800 ሜትር በላይ፣ ጓሳና ጅብራ በሚበዛበት፣ አለቱ ከሣሩ ብቅ ብቅ በሚልበት ቦታ ነው።

አለቱን ከሞሱ በፊት መመርመር ይገባል። አንድሬያ ኖራ ያለበትን ድንጋይ አይወድም። ጥቁር ድንጋይ በጥቅሉ ኖራ የለውም ይባላል፤ ነገር ግን በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሞላው ነጭ ማዕድን አንዳንዴ ካልሳይት ነው። ከሞሱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ድንጋዩን ሰበር አድርጎ፣ አዲሱ ገጽ ላይ አንድ ጠብታ አሲድ ማድረግ ነው። ከፈላ ካልሳይት አለ፤ ዝም ካለ የለም። ከዘጠኙ ቦታዎች ሁለቱ ላይ ፈላ፤ ከእነዚህ የተነሱት ናሙና ቁጥር 2 እና 5 ናቸው። አሲዱ ሞሱን እንዳይነካው መጠንቀቅ ነው፤ ሴሉን ስለሚያበላሽ ናሙናው ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ደረቁን ሞስ አይቶ መወሰን ትልቁ ስህተት ነው። ደረቅ ቅጠል ግንዱ ላይ ተጠቅልሎ ስለሚጣበቅ ሁሉም አንድ ይመስላል። ውሃ ረጭቶ 2 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቅጠሉ ሲዘረጋ ያኔ ጫፉ ላይ ነጭ ፀጉር መኖሩ አለመኖሩ ይታያል። አንዱን ጥቁር ነገር ሦስት ጊዜ ረጭተንበት ቅጠል አልወጣውም፤ ላይከን ነበርና እዚያው ተውነው።

ዘጠኝ ፖስታ ተሞላ። ከእያንዳንዱ እንጎቻ (ተጠጋግቶ ካደገ የሞስ ጉብታ) 2 በ3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ተነሳ፤ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ እንጎቻ አልተነካም። በፖስታው ላይ የተጻፈው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ከፍታ፣ የአለቱ ዓይነት፣ የአሲዱ ውጤት፣ አለቱ ፀሐይ ወይስ ጥላ ላይ መሆኑ፣ ውሃ የሚወርድበት መሆን አለመሆኑ። ይህ ሁሉ በዚያው ሰዓት ካልተጻፈ ባሕር ዳር ደርሶ የሚያስታውሰው ሰው አይገኝም።

ጥቅምት 13

ፖስታዎቹ አፋቸው ተከፍቶ ጥላ ውስጥ በወንፊት ላይ ተደርድረዋል። ሞስ እንደ አበባ በክብደት አይጫንም፤ ከተጫነ የቅጠሉ አቀማመጥ ይጠፋል፣ እሱ ደግሞ አንዱ መለያ ነው። ፀሐይ ላይም አይሰጣም። ሐይቁ ዳር ሌሊቱ እርጥበት ስለሚይዝ ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል። ሁለት ቀን ይበቃዋል።

ከመድረቁ በፊት ግን ቁጥር 9 ዛሬውኑ መታየት ነበረበት። ቅጠሎቹ በግንዱ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ብቻ የተደረደሩ፣ እያንዳንዱም ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ነው። ይህ ሞስ ሳይሆን የሞስ ዘመድ የሆነ፣ ሊቨርዎርት የሚባል ትንሽ ተክል ነው። ከፍተኛ ተራራ ላይ ጥቁር የሆኑ ሊቨርዎርቶች ከአንድሬያ ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። ትኩስ ሳለ በ400 እጥፍ ሲታይ ሴሎቹ ውስጥ የሚያብረቀርቁ የዘይት እንክብሎች አሉ፤ ናሙናው ከደረቀ በኋላ እነዚህ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሊቨርዎርት የሚመስል ነገር ካለ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።

ጥቅምት 15

የጉናው ናሙና እስኪደርቅ ሐይቁ ዳር ባለው ጥቁር ድንጋይና በግድግዳ ጥግ ባለው ሞስ ልምምድ ተደረገ። እዚህ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ወይና ደጋ ስለሆነ አንድሬያ አይጠበቅም፤ እጅን ለማፍታታት ግን ጥሩ ነው። በግድግዳው ሥር ያለው ብርማው ብርያም የቅጠሉ ላይኛ ክፍል አረንጓዴ የለውም፤ ለዚህ ነው ሲደርቅ ብር የሚመስለው። ከውሃው ጠርዝ የተነሳው ፊሲደንስ ደግሞ እንደ ላባ ጠፍጣፋ ነው። ሁለቱም የቅጠል ጅማት (ቅጠሉን መሃል ለመሃል ከሥሩ ወደ ጫፉ የሚያልፍ ወፈር ያለ መስመር) አላቸው። ግሪሚያ ጅማት አለው፣ አንድሬያ ግን ጅማት የሌላቸው ዝርያዎችም አሉት፤ ጅማት ምን እንደሚመስል ዓይን የሚለምደው እንዲህ ግልጽ በሆኑት ላይ ነው።

ለስላይድ የቧንቧ ውሃ አንጠቀምም፤ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ቅሪት ሴሉ ላይ ያለ ጉብታ ይመስላል። ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገዛ የባትሪ ውሃ ይሻላል፤ ሲገዛ ግን የተጣራ ውሃ እንጂ አሲድ የገባበት አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው፣ ሁለቱም በተመሳሳይ ጀሪካን ይሸጣሉ። ውሃ ብቻውን በሩብ ሰዓት ውስጥ ስለሚደርቅ ከፋርማሲ የተገዛ ግሊሰሪን 1 እጅ ለ3 እጅ ውሃ ተቀላቀለ። ንጹህ ግሊሰሪን አይሆንም፤ ከሴሉ ውስጥ ውሃውን ስቦ ያሟሽሸዋል።

ጥቅምት 18

ከሁሉ በፊት የዓይን መስፈሪያው ተለካ። 1 ሚሊ ሜትር በ100 የተከፈለበት ስላይድ ስር ተደርጎ በ400 እጥፍ ሲታይ፣ በዓይን መነጽሩ ውስጥ ያለው አንድ ክፍል 2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ሆነ። ይህ ቁጥር የዚህ ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው፤ ሌንስ ከተቀየረ እንደገና ይለካል።

ቁጥር 1፣ 2 እና 5 ቶሎ አለቁ። ሦስቱም ግልጽ ጅማት፣ ጫፋቸው ላይ ረጅም ነጭ ፀጉር፣ ክብ እንጎቻ፤ ግሪሚያ ናቸው። ቁጥር 8 ጅማት አለው፤ የሴሎቹ ግድግዳ ግን በ400 እጥፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ወዲህ ወዲያ የተጠማዘዘ ነው። ይህ ራኮሚትሪየም የሚባለው ሌላ የሞስ ወገን ምልክት ነው፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

ጥቅምት 21

ቁጥር 3 ብዙ ጊዜ ወሰደ። ጥቁር ነው፣ ፀጉር የለውም፣ አለቱም አሲድ ላይ ዝም ያለ ነው፤ ተራራው ላይ «ይሄ ነው» የተባለለትም እሱ ነበር። ነገር ግን ለስላይድ የተነጨው ከታችኛው የግንዱ ክፍል ነበር። በግሪሚያ የታችኛው ቅጠል ፀጉር ላይኖረው ይችላል፣ የነበረውም ያረጃልና ይሰበራል። ከአናቱ ሦስት ቅጠል ሲነጭ 0.2 ሚሊ ሜትር የምታህል ነጭ ጫፍ ተገኘች። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ከአንድ ግንድ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ቢያንስ ሁለት ሁለት ቅጠል።

ቅጠሉ ጥቁር ስለሆነ ጅማቱም በቀላሉ አልታየም። ብርሃኑን ሙሉ ከፍቶ፣ ቀላ ያለውን ለጋ ቅጠል መምረጥ ይረዳል። ቅጠሉ ሥር የታሰረው አየር ደግሞ ጥቁር ክብ ሆኖ እይታ ይጋርዳል፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ቢጨመር አየሩ ይወጣል፤ ፈላ ያለ ውሃም ይሠራል። አሁንም ጥርጣሬ ካለ መቁረጥ ነው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ቅጠሉን ብቻ ነጥሎ መቁረጥ አይሠራም፤ ቁርጡ ከቅጠሉ ውፍረት ከበለጠ በሰፊው ጎኑ ይወድቅና የሚታየው ያው የቅጠሉ ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ግንዱ ከነቅጠሎቹ ይረጥብና ስላይድ ላይ ይጋደማል። ሌላ ስላይድ በላዩ ላይ ተደርጎ ጫፉ ብቻ ይወጣል። አዲስ ምላጭ በስላይዱ ጠርዝ ተደግፎ፣ የላይኛውን ስላይድ በጸጉር ስፋት ወደ ኋላ እየሳቡ መቁረጥ ነው። ቅጠሎቹ በግንዱ ዙሪያ ተያይዘው ስለሚቆረጡ ቆመው ይቀራሉ። ከ40 ቁርጥ 6 ጥሩ ወጣ፤ ይህ አይከፋም። ምላጩ ከ20 ቁርጥ በኋላ መቅደድ ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ሌላው ጠርዝ ይያዛል። የተቀደደ ቁርጥ ላይ የሴል ንብርብር መቁጠር ሰውን ያሳስታል።

የቁጥር 3 ቁርጥ መሃሉ ወፈር ያለ ጅማት፣ ዳር ዳሩ ላይ ሁለት የሴል ንብርብር አሳየ። ግንዱም መሃሉ ላይ ቀጫጭን ሴሎች ያሉት ማዕከላዊ ገመድ አለው፤ አንድሬያ ይህ ገመድ የለውም። ግሪሚያ ነው። ዝርያውን ለማወቅ ካፕሱል ያስፈልገናል፤ ስለዚህ ግሪሚያ ተብሎ ብቻ ተጻፈበት።

ጥቅምት 22

መብራት የለም። የማይክሮስኮፑ መብራት ተነስቶ መስታወቱ ገባ፤ በመስኮት ከሰማዩ በሚመጣ ብርሃን እስከ 100 እጥፍ ይሠራል። ፀሐይዋን በቀጥታ በመስታወቱ መያዝ ፈጽሞ አይገባም፤ ዓይን ያቃጥላል።

ጥቅምት 25

ቁጥር 6 ላይ ፋኖስ የሚመስል ነገር ተገኘ። በ20 እጥፍ ሌንስ፣ ደረቅ ሳለ፣ ዘንግ የሌለው ካፕሱል በቅጠሎች መሃል ተቀብሮ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ቀያይ ክንፎች ወደ ውጭ ተገልብጠው። ደስ ያሰኛል፤ ለማጣራት ግን አንድ ጠብታ ውሃ በቂ ነው። የአንድሬያ ፋኖስ ሲረጥብ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይከፈታል። ይህም ሲረጥብ ተዘጋ። እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው፦ ብዙ ሞሶች የካፕሱላቸው ጥርስ ሲረጥብ ይዘጋል፣ ስለዚህ መዘጋቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም። መታየት ያለበት ቁጥሩና ጫፉ ነው። አንድሬያ ክንፎቹ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፣ ጫፋቸውም ላይ የተያያዙ ናቸው። የዚህኛው ግን 16 ጥርስ ነው፣ ጫፋቸው ነጻ ነው፤ ከአጠገቡ ካለው ያልተከፈተ ካፕሱል ላይም ክዳኑ በካፕሱሉ ውስጥ ከሚቆመው መሃል ዘንግ ጋር ተነቅሎ ወጣ። ክዳንና መሃል ዘንግ አብረው መውደቃቸው የግሪሚያ ዘመድ የሆነው የሺስቲዲየም መለያ ነው።

ስፖሩም ተለካ፤ አሥሩ ከ10 እስከ 13 ማይክሮን ናቸው። የአንድሬያ ስፖር ከዚህ በግልጽ ይበልጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ማይክሮን በላይ ነው። ካፕሱሉ ካረጀና ጥርሱ ከረገፈ፣ ከውስጡ የቀረች አንዲት ስፖር ብቻዋን ብዙ ትናገራለች።

ኅዳር 2

ቀሪው ሁለት ነው፣ 4 እና 7።

ቁጥር 4 የተቀላቀለ እንጎቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለት ሞስ ተጠላልፎ አድጓል። ካፕሱሉ የአንዱ፣ ለስላይድ የተነጨው ቅጠል የሌላው ቢሆን ኖሮ በምድር ላይ የሌለ ሞስ ይመዘገብ ነበር። ካፕሱል ሲታይ ሁልጊዜ እስከ ግንዱ መከተል፣ ቅጠሉንም ከዚያው ግንድ መንጨት ያስፈልጋል። እርጥብ እንጎቻ ሰፊ ሳህን ላይ በሁለት ወረንጦ ግንድ በግንድ ሲለያይ አንዱ ግሪሚያ፣ ሌላው ፖቲያሴ ከሚባለው ቤተሰብ ሆነ። የኋለኛውን የጠቆመው ቀለሙ ነው፦ 2 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ተሟሙቶ አንድ ጠብታ ሲነካው ቅጠሉ ወደ ብርቱካናማ ቀላ። ይህ ፈሳሽ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ የሌንሱንም መስታወት ይበላል፤ ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ ስላይዱ ተሸፍኖና ዙሪያው ተጠርጎ ነው ማይክሮስኮፕ ላይ የሚወጣው።

ቁጥር 7 ጅማት የለውም።

ከሦስት ግንድ፣ ከላይ ከመሃል ከታች፣ 18 ቅጠል ታየ፤ አንዱም ጅማት የለውም። ግንዱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ቅጠሉ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለሙ ጥቁር ቡኒ ነው፤ ሲደርቅ በወረንጦ ሲነካ ይፈረፈራል፣ እንዲህ ተሰባሪ መሆን የአንድሬያ ጠባይ ነው። የቅጠሉ ጀርባ ላይ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች አሉ። ካፕሱል የለውም፤ እንጎቻው በሙሉ ተፈትሿል።

ኅዳር 5፣ ቁጥር 7

ጅማት አለመኖሩ ብቻ አያበቃም። ጅማት የሌላቸው ሌሎችም አለት ላይ አሉ፤ አንድ በአንድ መጣል ነበረባቸው።

ሊቨርዎርት? ቅጠሉ በሁለት ረድፍ አይደለም፤ ግንዱን እየዞረ ነው የተደረደረው፣ ጫፉም አልተከፈለም። ወጥቷል።

ሄድዊጂያ? እሱም ጅማት የለውም፣ ጉብታም አለው፤ ግንዱም እንደ አንድሬያ ማዕከላዊ ገመድ ስለሌለው የግንድ ቁርጥ ሁለቱን አይለያቸውም። የሚለየው ጫፉ ነው፤ የሄድዊጂያ ቅጠል አናቱ ነጭና ጥርሳም ነው። የቁጥር 3 ነገር ስላስተማረን ለጋዎቹ ተመርጠው 12 አናት ታየ፤ ሁሉም እስከ ጫፉ ቡኒ ነው። የሴሎቹም ጉብታ ለሄድዊጂያ የሚበቃ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ወጥቷል ማለት ይቻላል።

የቀረው አንድሬያ ነው። ካፕሱል በሌለበት አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ፦ ሥር መሰሉ ክር። በሌላው ሞስ ሁሉ ማለት ይቻላል ክሩ አንድ ረድፍ ሴል ነው። የአንድሬያ ግን ሁለት ረድፍ ነው፣ አንዳንዱም ጠፍጥፎ እንደ ቅጠል ይሰፋል፤ ወደ አለቱ ስንጥቅ የሚገባው በዚህ ነው።

ኅዳር 6፣ ቁጥር 7

ክሩ የለም። ፖስታው ውስጥ ያለው ሁሉ ከሥሩ በላይ የተቆረጠ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ተራራው ላይ ቢላው ከእንጎቻው ግርጌ ሳይሆን ከመሃሉ ነው የገባው፣ ሥሩ አለቱ ላይ ቀረ። ለግሪሚያ ይህ ብዙ አይጎዳም። ለአንድሬያ ግን ወሳኙ ክፍል የቀረው እዚያው ነው። ፖስታው ውስጥ የረገፈው ብናኝ በሙሉ በ100 እጥፍ ተፈተሸ፤ አንድ ቁራጭ ክር ተገኘ፣ ሁለት ረድፍ ይመስላል፤ ሁለት ክር ተደራርቦ ሊሆንም ስለሚችል አልተቆጠረም።

ኅዳር 9

ስም ጽፎ ለመጨረስ የሚያጓጓ ናሙና ነው። ነገር ግን ተሳስቶ የተጻፈ ስም ከተራራው ዝርዝር ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው፤ ተከታዩ ሰው ሳያጣራ ይቀበለዋልና። የሰብሳቢ ስም እንኳ ሰውን ሊያሳስት ይችላል፦ ከ1837 እስከ 1878 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የኖረውና በሰሜን ተራሮች ዕፅዋት የሰበሰበው ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር አንድ ሰው ነው፣ በስትራስቡርግ የሞስ ሊቅ የነበረው የአጎቱ ልጅ ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር ሌላ ሰው ነው። በአሮጌ የናሙና ጽሑፍ ላይ «ሺምፐር» ሲነበብ የትኛው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የቁጥር 7 ወረቀት ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ «አንድሬያ? ካፕሱል የለውም፤ ሥረኛው ክር አልተሰበሰበም። ቅጠል ጅማት የለውም፣ 18 ታይቷል፤ ነጭ አናት የለውም፣ 12 ታይቷል። ጥቁር ድንጋይ፣ አሲድ ላይ ያልፈላ፣ ጥላ፣ ጉና።» የጥያቄ ምልክቱ በቀይ ነው። ሦስት ስላይድ በግሊሰሪን ተቀምጦ ዙሪያው በጥፍር ቀለም ታሽጓል፤ ቁጥሩም ተጽፎበታል።

ሌሎቹ ስምንት ፖስታዎች ወፈር ባለ ወረቀት ተጠቅልለው 5 ቀን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያሉ፤ ወረቀት የሚበላ ነፍሳት እንዲሞት ነው። መጀመሪያ ፌስታል ውስጥ ይታሸጋሉ፣ ሲወጡም ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪመሳሰሉ ፌስታሉ አይከፈትም፤ አለበለዚያ ውሃ ያልበዋል። ደረቅ ሞስ ላይ ፌስታል የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ግማሹ ለአዲስ አበባው ብሔራዊ ኸርባሪየም ተለይቷል። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ናሙና ካለ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ መውሰድ ግዴታ ነው፤ እንደ ጥፍር ትንሽ የሆነ ሞስም ቢሆን።

ኅዳር 10

ለሁለተኛው ጉዞ የተጨመረው ዕቃ፦ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መሮ፣ ትንሽ መዶሻ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ለስንጣሪው ድንጋይ የሚሆን የክብሪት ቀፎ አሥር። ቁጥር 7 የነበረበት አለት ከአቅጣጫውና ከከፍታው ጋር ተመዝግቧል፤ የሚፈለገውም ከእንጎቻው ሥር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ስንጣሪ ነው፣ አንድ ብቻ። በዚያው አለት ላይ ያሉት ሌሎች እንጎቻዎች ሳይነሱ በሌንስ ይፈተሻሉ፤ ውሃ ሳይረጭባቸው፣ ደረቅ ሳሉ፣ ፋኖሱ የሚከፈተው ያኔ ነውና።